ከጊዮርጊስ በፊት ድረሺ

ፓዶቫ፣ ፌብሩዋሪ 4

ለአክስቴ ልጅ ለአጋፍያ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከጭጋግ ከተማ ተነሥቶ፣ ተራራውን አልፎ፣ ዳንዩብን ተከትሎ ደጃፍሽ ድረስ በሰላም ይግባ። አንቺንም ባልሽን ቴሬንቲንም ጌታ ከሳልና ከክፉ በረዶ ይሰውራችሁ። ቤታችሁ ዓሣ አይጣ።

እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ስልክ ላይ ሁልጊዜ የምልሽ ይህንኑ ነው፤ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን አልሆን አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትመልሺልኝ በጥቁር ቀለም፣ በትልልቁ፣ መስመር እየዘለልሽ ጻፊልኝ። ዓይኔን አሞኛል፤ የዓይን ግፊት ነው። ዳር ዳሩ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ዓለምን የማያት በበር ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው፤ ቀዳዳውም በየወሩ ይጠብባል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረችውም ዓመቱን አትዘልቅ ይሆናል ብሎኛል ሐኪሙ። የማስታምማት አሮጊትና ልጇ አያውቁም። ኩባያውን፣ መድኃኒቱን፣ የደረጃውን ቁጥር ሁሉ በእጄና በእግሬ ስላጠናሁት እስካሁን አልነቁብኝም።

አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ፣ አጋፍያ። ሌላ ሰው ቢሆን የእናቴን ቤት ይል ነበር፤ እኔ ግን ፔሊካኖቹን ነው። በአባትሽ ጀልባ ሆነን፣ ቀትር ላይ ከሐይቁ ተነሥተው እየዞሩ፣ እየዞሩ ሽቅብ ሲወጡ አንገታችን እስኪቆለመም እናያቸው አልነበር? ሌላውን ወፍ ባላየውም እሰማዋለሁ፤ ፔሊካን ግን ድምፅ የለውም። ያላየው ሰው የለውም ማለት ነው።

ጀልባ ላይ መውጣት አልችልም፤ ሚዛኔን እስታለሁ። በወፎቹ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ የሳንቃ መንገድ ተሠርቷል ብለሽኝ ነበር። እንደኔ ያለ ሰው ይሄድበታል? መቼ ልምጣ? ለማንም አትንገሪ፤ ለቴሬንቲም ቢሆን።

ቫርቫራ

*

ቤሎኮሳ፣ የስምዖን በዓል ማግስት (በመንግሥት አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 16 ነው)

ለማሬዋ፣ ለቫርያ፤

በጾምና በጸሎት የኖሩ አባቶቻችን ምርቃት ይድረስሽ፤ ያስታመምሽው ሁሉ ብድር ሆኖ ይመለስልሽ፤ የዓይንሽን ብርሃን የሰጠሽ ጌታ አይቸኩልብሽ። እኔና ቴሬንቲ ደኅና ነን። እሱ ጉልበቱን ያመዋል፤ አፉን ግን ምንም አላመመውም።

ሁለት ቀን አለቀስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሄጄ የሱቁን ወፍራም ጥቁር ብዕር ሁሉ ገዛሁ። ይኸው፣ እያንዳንዱ ፊደል የዶሮ እንቁላል አክሏል። ቴሬንቲ ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ፣ “ደብዳቤ ነው ወይስ የጀልባ ስም እየጻፍሽ ነው?” አለኝ። ብዕሩ አዲስ ነው፣ ልለማመደው ብዬ ነው አልኩት። ምስጢርሽ ከእኔ አይወጣም። እንደምታውቂኝ ለፍላፊ ነኝ፤ ግን የምለፈልፈው የማይረባውን ነው።

አሁን ስለ መንገዱ ልንገርሽ፤ ስለሱ ሳወራ ደስታዬን መያዝ አልችልም። ያኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አስጎብኚ ሆንኩ ስልሽ ስልክ ላይ ሳቅሽ። ሳቂ! ከምግብ ዝግጅትና ከመረብ ጥገና በቀር ምን ታውቂያለሽ ያሉኝ ሁሉ ዛሬ “ወይዘሮ አጋፍያ፣ ያ ምን ወፍ ነው?” ይሉኛል። ሳንቃው ከመንደሩ ጫፍ ካለው በር ተነሥቶ በሸምበቆው መሐል ሐይቁ ዳር ድረስ ይሄዳል። በእኔ እግር አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። በግራ በኩል እስከ መጨረሻው የእጅ መደገፊያ አለው፤ መሐሉ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ወፎቹ እንዳያዩን ተደብቀን የምናይባት የእንጨት ጎጆ አለች። ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ። ጀርመን ጎብኚዎቼ እስከ ጉልበታቸው ቦት ጫማ አድርገው ይመጣሉ፤ እኔ በቤት ጫማ እመራቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት የሰማንያ አራት ዓመት ሴትዮ ሄዳበታለች፤ አንቺማ ትሮጪበታለሽ።

መቼ ልምጣ ላልሽው፣ የሥፍራውን ጠባቂ ኦቪድዩን ጠየቅሁት። እንደ እኛ ወንዶች ሳይሆን ጢሙን የሚላጭ የቱልቻ ከተማ ሰው ነው፤ እንዲያም ሆኖ ልቡ ደግ ነው። “ዘንድሮ የመዝጊያውን ቀን አስቀድመነዋል፤ እስከ ጊዮርጊስ ክፍት ነው፤ ከዚያ በሩን በሰንሰለት ቆልፈን እስከ ጁላይ ወፎቹን ለእንቁላላቸው እንተዋቸዋለን” አለኝ። ይህን ሕግ የሚጥስ የለም፤ ከአምናው ወዲህማ እኔ ራሴ መሐላ የፈጸምኩ ጠባቂ ሆኛለሁ። አምና አንድ ፎቶ አንሺ አጥሩን ዘሎ ገባ። ፔሊካኖቹ ደንግጠው አንዴ ከጎጇቸው ተነሡ፤ ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ውስጥ ቁራውና ጋጋኖው አርባ ጎጆ እንቁላል ጨረሱት። በዓይኔ ነው ያየሁት። ስጮህ፣ ድንጋይ ስወረውር ምንም ሳልፈይድ ቀረሁ።

እንግዲህ ከጊዮርጊስ በፊት ድረሺ። ሌላውን ለእኔ ተይው።

ያንቺው አጋፍያ

*

ፓዶቫ፣ ማርች 20

ለአጋፍያ፤

ጾሙን በጤና ያስፈጽምሽ፤ ለትንሣኤውም ያድርሰን።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን በአንድ ቀን አልጨረስኩትም፤ በማጉያ መነጽር በየቀኑ ጥቂት መስመር እያነበብኩ ለሳምንት አቆየሁት። ስለ ቤት ጫማው ያልሽው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አሮጊቷ ምን ሆንሽ አለችኝ።

ፈቃድ አገኘሁ። ልጇ ራሱ እረፍት ሲወስድ እናቱን ይይዛል፤ ያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከኤፕሪል 27 እስከ ሜይ 5 ሰጠኝ። ቀኑን ሲነግረኝ ልቤ ደነገጠና በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጊዮርጊስ ሜይ 6 ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የምመለሰው። እዚህ ሃያ ዓመት ስኖር የእኛን በዓላት መቁጠር አልረሳሁም፤ እናቴ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

ቀዳዳው ጠብቧል። ትናንት የገዛ እጄን ፈልጌ አጣሁት፤ ከጎኔ ነበር። የቀኑ ብርሃን ጠንከር ሲል ግን ነጭ ነገር አሁንም ይታየኛል፤ በገመድ የተሰጣ ልብስ፣ የነርሷ ካባ። ፔሊካንም ነጭ ነው እያልኩ እጽናናለሁ።

ድግስ አታብዢብኝ። ሰው ፊቴን እያየ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። የምፈልገው ያንን ሳንቃና ያንቺን ክንድ ብቻ ነው።

ቫርቫራ

*

ቤሎኮሳ፣ ጊዮርጊስ በእኛ ባለፈ በሦስተኛው ቀን (ሜይ 9)

ለቫርያ፤

ክርስቶስ ተነሥቷል! በእውነት ተነሥቷል ስትዪ ከዚህ እሰማሻለሁ። መንገድሽን ያቀና መልአክ ደጅሽ ድረስ ሸኝቶሽ እንደገባሽ አምናለሁ። መርከቡ ካንቺ ጋር ከሄደ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ቴሬንቲ የዓሣ ሾርባውን ሦስቴ መልሰሽ መጠጣትሽን ለመንደሩ ሁሉ እየነገረ ነው፤ እሱ እንደሠራው አድርጎ። ነጭ ሽንኩርቱን የደቆስኩት እኔ መሆኔን ማን ይንገርልኝ።

መርከቡ ወደብ ላይ ሲያደርስሽ በሩ ተዘግቷል ብቻ ነበር ያልኩሽ። አንቺም “ደግሞ የወፎችም ሱባኤ አለ?” ብለሽ ሳቅሽና ነገሩን ለእኔ አቀለልሽልኝ። እንዴት እንደተዘጋ ግን አልነገርኩሽም፤ ፊት ለፊትሽ አፌ እንቢ አለኝ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ እሑድ ጠዋት የጎጆዋን መስኮት ልወለውል ስሄድ ኦቪድዩ በሩን በሰንሰለት እየጠመጠመ አገኘሁት።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ዛሬ ጊዮርጊስ አይደል እንዴ፣ ወይዘሮ አጋፍያ።”

“የማን ጊዮርጊስ?”

ያን ጊዜ ሁለታችንም ገባን። የእሱ ጊዮርጊስ በአዲሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 23 ነው፤ የእኛው አሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ በየዓመቱ ገናውን ሁለቴ አብረን በልተናል፤ አንዴ በእሱ፣ አንዴ በእኛ። ይህን እያወቅሁ “ጊዮርጊስ” ሲለኝ የእኔው ቅዱስ ብቻ ነው የታየኝ። የእሱም ቅዱስ ያው አንዱ ፈረሰኛ መሆኑ ነው ያታለለኝ። ሳንቃው ላይ ተቀመጥኩና ማልቀስ ጀመርኩ፤ ምስጢርሽንም ያን ጊዜ ነገርኩት። ይቅር በይኝ። እሱም ቁጭ አለ። ወፎቹ አምና ከደረሰባቸው ወዲህ ገሚሶቹ ብቻ ናቸው የተመለሱት፤ በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት እንቁላል መጣል ጀምረዋል አለኝ። እሱስ የማላውቀውን አልነገረኝም።

ከዚያ እያንዳንዱን ቀን አብረን ጠበቅን፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰማዩ ጠራ ቢል ከመንደሩ ሆነን ሲዞሩ እናያቸው ነበር። ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፤ ሞቃት አየር ካላነሣው ከፍ አይልም። ስምንት ቀን ሙሉ ደመና! በሜይ! ቴሬንቲ እንኳ ለሰማዩ የሚሰድበው ስድብ አለቀበት። አንቺ ጓሮው ውስጥ ተቀምጠሽ እንቁራሪቱን እየሰማሽ “ይህም አይከፋም” ስትዪ እኔ ማድ ቤት ገብቼ ዳቦውን ከሚገባው በላይ እደበድበው ነበር።

ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ጀርባ አልፏል፤ አዲስ ወረቀት ልያዝ።

ሐሙስ፣ መሄጃሽ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በሩ ድረስ ውሰጂኝ አልሽ። ከዚያ በር ላይ ከሸምበቆ በቀር ምንም አይታይም፤ ሐይቁ ሩቅ ነው። የተዘጋውንም ቢሆን ልንካው አልሽና ሰንሰለቱን በጣቶችሽ ዳሰስሽ። ፊቴን ስላላየሽ የሆነውን ልንገርሽ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ቫርያ። እሳት ቢነሣ ተብሎ ሁለተኛው ቁልፍ ዱሮም እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ኦቪድዩም ማክሰኞ ማታ በራችን ላይ ቆሞ፣ “ከነገ እስከ ዓርብ ቱልቻ ነኝ፤ ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው። ሌላ ያልኩሽ ነገር የለም” ብሎኝ ሄደ። እሱስ በዚህ ሸክሙን አራገፈ። ሐሙስ ዕለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እስኪያልበኝ ጨበጥኩት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ከጎጆዋ ሆነሽ ትንሽ ብታጮልቂ ኖሮ ነጩን ታዪው ነበር። ደግሞ የአምናው ቁራ ታየኝ፤ አስኳሉ ከአፉ ላይ ሲንጠባጠብ። አልከፈትኩልሽም። ልክ ሠራሁ አልልሽም፤ አልቻልኩም ነው የምልሽ።

ያኔ “እንደ ጀርመኖቹ አስጎብኚኝ” አልሽኝ። እኔም አስጎበኘሁሽ። በግራችሁ ያለው ሸምበቆ ከሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል አልኩ፤ ፊትሽን ወደ ግራ አዞርሽ። ከውስጡ የምትጮኸው ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት አልኩ፤ ሰማሻት፣ ፈገግ አልሽ። አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስንደርስ ለእንግዶቼ ሁልጊዜ የምለውን ቃል አፌ ከልማዱ የተነሣ ሳላስበው ተናገረው፦ “አሁን ቀና በሉ፤ ይኸው ተነሡ።” አንቺም ቀና አልሽ።

“የታሉ?” አልሽ።

ተሳስቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ፊትሽን አይቼ ግን፣ “ከራስሽ በላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ” አልኩሽ። ፊትሽን ትንሽ ወደ ቀኝ አዞርሽ። ከዚያ እጅጌዬን ያዝ አድርገሽ፣ “አየኋቸው” አልሽኝ።

ቫርያ፣ ሰማዩ ባዶ ነበር። ደመና ብቻ ነበር። በማግስቱ መርከብሽ ከታጠፈ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ሰማዩ ጠርቶ ተነሡ፤ ብቻዬን የደጃችን መደብ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ እንደ አያቶቻችን በሁለት ጣቴ አማትቤ ገባሁ። ይህን ይዤ እንዳልኖር ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ስደቢኝ።

ሌላ ወረቀት ይኸው። ስለ ሌላ ነገር ልጻፍና ልጨርስ፤ የቲማቲሙ ችግኝ ይዟል፤ የሰጠሽኝን ሻርፕ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የማደርገው። ሐኪሙ ምን አለሽ? ቶሎ ጻፊልኝ፤ አጭርም ቢሆን።

አጋፍያ

*

ፓዶቫ፣ ጁን 27

ለአጋፍያ፤

ቃሉ የእኔ ነው፤ እጁ ግን የሊዲያ ነው። ሊዲያ ከሞልዶቫ የመጣች፣ ፎቅ ላይ የምትሠራ ጎረቤቴ ናት። ቋንቋችንን ስለምታነብ ደብዳቤሽንም ያነበበችልኝ እሷ ናት፤ ጸሎትሽ ለእሷም ይድረሳት።

እንደተመለስኩ አሮጊቷን ጥዬ ሆስፒታል ገባሁ። ቀዶ ሕክምናውን አድርገውልኛል። ቀኙ አልዳነም። ግራው ቀንና ማታን ይለያል፤ ከዚያ በላይ እንደማልጠብቅ በደግነት ነገሩኝ። ሐኪሙ በየሳምንቱ ስለሚያየኝ ከዚህ መራቅ አልችልም። የአሮጊቷ ልጅ ደግ ሆኖ ክፍሌን እስከ ዓመት ትቶልኛል።

ስለ ጊዮርጊስ ሊዲያ ስታነብልኝ እስኪያመኝ ሳቅሁ። አሥራ ሦስት ቀን! አያቶቻችን ለአሮጌው ሥርዓት ሲሉ አገር ጥለው ተሰደዱ፤ እኔና አንቺ ደግሞ በእሱ የተነሣ በር ተቆለፈብን። አታልቅሺ። ካሰብኩት የተሻለ ነው የሆነልኝ፤ በሩ ላይ ሆኜም አየኋቸውና።

እዚህ ለነርሶቹ በየቀኑ እነግራቸዋለሁ፤ ሰባት ነበሩ እያልኩ። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሐኪሙ፣ ብርሃኑ እየጠፋ ያለ ዓይን አንዳንዴ የሌለ ነገር ፈጥሮ ያሳያል ብሎኛል። ያየሁት ደግሞ ደብዛዛ ነበር፤ ሰባት ነጭ ነገር ሲዞር። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ፣ ሙሉ ዓይን አለሽ። ስንት ቆጠርሽ? ከዚህ ሌላ ምንም አትላኪልኝ፤ ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ቁጥሩ ከገጠመ ዓይኔ በመጨረሻ ሥራዋ አልዋሸችኝም ማለት ነው።

ቫርቫራ

ወይዘሮ አጋፍያ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ሊዲያ ነኝ፤ እሷ አታውቅም። አዲስ ወረቀት ልያዝ ብለው የጻፉትን አላነበብኩላትም። መጀመሪያ ለራሴ አየሁትና ድምፄ ጠፋ። ገጽ የዘለልኩ መሆኔን አልጠረጠረችም። ኃጢአት ከሆነ የእኔ ነው። አንብቢላት ካሉኝ ነገውኑ አነብላታለሁ፤ ወረቀቱ ትራሴ ሥር ነው። ይወስኑልኝ፤ እኔ አልቻልኩም።

*

ቤሎኮሳ፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት (ጁላይ 12)

ሊዲያ እኅቴ፣ ይህን ቁራጭ ለብቻሽ አንብቢ። ያላነበብሽላትን ወረቀት አቃጥዪው። ቄሱን ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄጄ ሁለቴም ተመለስኩ፤ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ኃጢአቱን አንቺ አትውሰጂ፣ የእኔ ነው። ጌታ ድምፅሽን አይንሣሽ። ከዚህ በታች ያለውን በደንብ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ለቫርያ፤

ዓለምን ለዕውሩ በምራቅና በጭቃ ያሳየ ጌታ ከአጠገብሽ አይለይ፤ ሌሊትሽ አይርዘምብሽ። ሊዲያንም ይባርክልን።

ቀዶ ሕክምናው የሆነውን ሰምቼ የማደርገው ጠፋኝ። ልመጣ ፈለግሁ፤ ቴሬንቲ ጉልበቱ ጨርሶ አልታጠፍ ብሎት አልጋ ላይ ነው፣ ከአልጋው ሆኖ ያዘኛል። ሾርባ በፖስታ ቢላክ ኖሮ እልክልሽ ነበር። እንግዲህ ያለኝ ወሬ ብቻ ነው፤ እሱን አልሰስትብሽም።

መንገዱ ትናንት ማክሰኞ ተከፈተ። ኦቪድዩ ሰንሰለቱን ሲፈታ፣ “ነገ የማን ጴጥሮስ ነው?” አልኩት፤ ሊስቅ ሞከረና ተወው። ዐሥራ አንድ እንግዳ ይዤ ገባሁ። አንዷ ከክራኮቭ የመጣች አስተማሪ ናት፤ ባሏ ተረከዙ ቀጭን የሆነ ጫማ አድርጋ መምጣቷን እያየ “ለሰርግ መስሏት ነው” ይላል፤ የጫማዋ ተረከዝ በሳንቃው መሐል ሦስት ጊዜ ተሰክቶ ሦስቴም ያወጣላት እሱ ነው። ጫጩቶቹ አድገዋል። አስቀያሚዎች ናቸው፣ ቫርያ፤ ግራጫ፣ ራሰ በራ፣ ጭንቅላታቸውን እስከ ትከሻ በእናታቸው ጉሮሮ ውስጥ ከትተው ነው የሚበሉት። ኦቪድዩ ከአምናው እጥፍ ቆጥሯል። አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ የምናገረውን ረሳሁት፤ እንግዶቹም ደክሟት ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም፤ ለመጨረሻ ነው ያቆየሁልሽ። ያን ዕለት አጠገብሽ ቆሜ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ልማዴ ነው፣ ሳልቆጥር አላልፍም። ሰባት ነበሩ፣ ቫርያ። ስድስቱ ተጠጋግተው ይዞሩ ነበር። ሰባተኛው ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ደረሰባቸው።

አጋፍያ